ብቻውን የሚማር ጎረቤት አይኑረን
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ)



ዛሬ የምናነሣው የርቀት ትምህርትን ጉዳይ ነው። እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ሊቅ ለመምሰል አይደለም። ሆኖም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ ወዲህ በስልክ መማር በየቤታችን ገብቷል። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ደጃችን ቢሆንም፣ ሥራና ልጅ ይዘው በርቀት የሚማሩ ጎረቤቶች አሉን።

እነሱን ሰብስበን «ከመምህራችሁ ጋር ትገናኛላችሁ ወይ?» ብለን ጠየቅን። አንዱ «አዎን፣ ሞጁሉ በቴሌግራም ይደርሰኛል» አለን። ሌላው «በቡድናችን እንደምን አደራችሁ ከመባባል በቀር ስለ ትምህርቱ የሚያነሣ የለም» አለ። ጀበና ቡና እየሸጠች የምትከፍለው እኅታችን ግን «ጥያቄ ከላክሁ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ መልስ የለም። የቡና ለቀማ ሲደርስ ልተወው ነው» አለችን። ይህ አሳዘነን።

እንግዲህ ወረቀት መቀበል መገናኘት አይደለም ማለት ነው። ማይክል ሙር የተባለ የርቀት ትምህርት ሊቅ በ1989 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው መገናኘት ሦስት ዓይነት ነው፤ ተማሪው ከትምህርቱ ጋር፣ ከመምህሩ ጋር፣ ከተማሪ ጓደኞቹ ጋር። የእኛዎቹ የያዙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ኔትወርክ ሲኖር ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ ምን እንደሆነ አንረሳውም።

የመምህሩን መልስ እኛ መስጠት አንችልም። ሦስተኛውን ግን እንችላለን። ቡናውንስ መቼ ለብቻችን ጠጥተን እናውቃለን? ስለዚህ፦

1ኛ/ የማኅበሩ ቤት ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ለርቀት ተማሪዎች ክፍት ይሆናል።

2ኛ/ በመደበኛ ትምህርት የገፉ ልጆቻችን መጥተው ያስረዱ።

3ኛ/ ተማሪዎች ጥያቄያቸውን ከነገጹ ጽፈው ይምጡ፤ እርስ በርስ ይጠያየቁ። መልስ የዘገየበት ሰው ካለ ለማዕከሉ የሚላከውን ደብዳቤ አብረን እንጽፋለን።

4ኛ/ ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁ በዚያች ሰዓት ከሥራ ይረፉ፤ ልጆቹን እናንተ ያዙ።

እኅታችንም ቅዳሜ እንድትመጣ ነግረናታል። እሺ ብላለች። መጥታ ባዶ ቤት እንዳታገኝ አደራ እንላለን።


የማኅበሩ ጸሐፊ