መች ዌንሎክ፦ ኦሊምፒክን ዳግም ያሰበች የገጠር ከተማ

በምዕራብ እንግሊዝ፣ በሽሮፕሽር አውራጃ የምትገኘው መች ዌንሎክ፣ የነዋሪዎቿ ቁጥር 3 ሺህ ገደማ የሆነ ትንሽ የገጠር ከተማ ስትሆን፣ የተቆረቆረችው በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተመሠረተ ገዳም ዙሪያ ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የአገሩን ገዳማት ዘግቶ ንብረታቸውን ሲወርስ፣ ይህም ገዳም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1540 ተዘጋ፤ ከተማዋም በገበያዋና ከአጠገቧ ካለው ረጅም ተረተር በሚፈለጠው የኖራ ድንጋይ ስትተዳደር ኖረች።

ስሟን ባሕር ያሻገረው ግን በ1809 እዚያው የተወለደው ሐኪም ዊሊያም ፔኒ ብሩክስ ነው። ብሩክስ በ1841 ለሠራተኛው የንባብ ማኅበር ካቋቋመ በኋላ፣ የአካል ማጎልመሻ ለድሃውም ይገባል ብሎ ስላመነ፣ በ1850 የኦሊምፒያ ጨዋታ የተባለ ዓመታዊ ውድድር አስጀመረ። ከሩጫና ከዝላይ ሌላ ኳይትስ፣ ማለትም የብረት ቀለበትን ወደ ተተከለ ካስማ የመወርወር ጨዋታ ነበረበት፤ በአንድ ወቅትም አሮጊቶች አንድ ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ሻይ ለመሸለም ሮጠዋል።

የዘመናዊው ኦሊምፒክ መሥራች የሆነው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ኩበርተን በ1890 መጥቶ ይህን ውድድር ካየ በኋላ የብሩክስን ውለታ በጽሑፍ መስክሯል፤ ብሩክስ ግን የአቴና ኦሊምፒክ ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በታኅሣሥ 1895 አረፈ። በኦሊምፒክ ታሪክ ከሚሰጠው በላይ ስፍራ የሚገባው ሰው ነው።

ዛሬ የመንገደኞች ባቡር ወደ ከተማዋ መምጣቱን ካቆመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጨዋታው ግን አሁንም በየዓመቱ በሐምሌ ወር ይካሄዳል፣ የ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ምልክት የሆነው አሻንጉሊትም ዌንሎክ ተብሎ በስሟ ተጠርቷል።