ክረምት ላይ ወደ ጳውሎስ ስትመጡ

ደብተርና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ክረምትና ስለ ጎርፍ ነው። ከገጠር ሕመምተኛ ይዞ በክረምት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ምን ማወቅ አለበት? እሱን እናያለን።

ጳውሎስን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ። በአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ በጉለሌ የሚገኝ ሠፈር ነው። ስሙ ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ጋር የተያያዘ ነው። ወደዚህ ሆስፒታል ሰው ከየሀገሩ ይመጣል። አንዱ አባቱን ይዞ ይመጣል፤ አንዷ ነፍሰ ጡር እኅቷን ደግፋ ትመጣለች። ሕመም ወቅት አይመርጥም። የሐኪም ቀጠሮ ሐምሌ ላይ ከዋለ፣ በሐምሌ መምጣት ግድ ነው።

እስቲ አንድ ገበሬ እናስብ። ሀገሩ ጎጃም፣ ደጀን ነው። የታመሙ እናቱን ይዞ በሐምሌ ወር ተነሣ። አባይን ተሻግሮ፣ በፍቼና በሱሉልታ አልፎ፣ የእንጦጦን ቁልቁለት ወርዶ አዲስ አበባ ገባ። ጳውሎስ አካባቢ ዘመድ ቤት አረፈ። ከዘመዱ ቤት ወደ ሆስፒታሉ ሲሄድ በመካከል አንዲት ትንሽ ወንዝ አለች። ጠዋት ጠዋት ሰው ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠ ይሻገራታል።

እናቱ ሆስፒታል ተኙ። ልጅየው ከቀትር በኋላ ምግብ ሊያመጣ ወደ ዘመዱ ቤት ሄደ። ሳህኑን በጨርቅ ቋጥሮ ሲመለስ ወንዟ ዳር ደረሰ። ሰማዩ እዚህ ጠርቷል። ውሃው ግን ጠቁሮ፣ ግንድና ቆሻሻ እየገፋ ይወርዳል። ጠዋት የረገጠው ድንጋይ የለም።

«ዝናብ ሳይዘንብ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?» አለ። ቀጥሎም፣ «አባይን ተሻግሬ የመጣሁ ሰው፣ ለዚህች ቦይ ልሸነፍ? እናቴ በርሃብ ይጠብቁኛል» አለ። ሱሪውንም ወደ ላይ ሰበሰበ።

አድማጮቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? መልሱን ከመስጠታችን በፊት ውሃው ከየት እንደመጣ እንወቅ።

አዲስ አበባ በተራራ ሥር የተሠራች ከተማ ናት። በስተ ሰሜን እንጦጦ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ይደርሳል። በስተ ደቡብ ያለው አቃቂ ግን ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ እንጦጦ ላይ የወረደ ዝናብ ወደ ደቡብ ይሮጣል። በምሥራቅ ትልቁ አቃቂ፣ በምዕራብ ትንሹ አቃቂ ይቀበሉታል። ከዚያም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጉለሌ ደግሞ እዚያው በእንጦጦ ግርጌ ነው። ውሃው ቶሎ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በገጠር ዝናቡን መሬቱ ይጠጣዋል። በከተማ ግን ቆርቆሮው፣ አስፋልቱና ሲሚንቶው ውሃ አይጠጡም። የወረደው ሁሉ ወደ ቦይ ይገባል። ቦዩን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ከደፈነው ደግሞ ውሃው መንገድ ላይ ይወጣል። ዝናቡም ጥቂት አይደለም። በአዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። ጎርፍ የሚመጣው ከላይ ነው። እናንተ የቆማችሁበት ቦታ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። እንጦጦ ላይ ዘንቦ ከሆነ ግን ወንዙ ይሞላል። ስለዚህ ወንዝ ልትሻገሩ ስትሉ የራሳችሁን ሰማይ ብቻ አትዩ። ቀና ብላችሁ የተራራውን ሰማይ እዩ።

አሁን ወደ ገበሬያችን እንመለስ። ውሃው ጉልበቱን አይደርስም። ታዲያ ምን ያስፈራል? የገበሬ ሒሳብ እንሥራ። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ የሚሞላ ውሃ 10 ኩንታል ይመዝናል። ይህ ክብደት ቁልቁል እየሮጠ እግራችሁን ሲመታ አስቡት። በኃይል የሚወርድ ውሃ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። 15 ሳንቲ ሜትር ማለት ከቁርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ የሚል ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሳንቲ ሜትር ብዙ መኪና ይወስዳል። በዚያ ላይ ውሃው ድፍርስ ነው። ከሥሩ ጉድጓድ ይኑር፣ ክዳኑ የተነሣ ቱቦ ይኑር አይታይም። አባቶች «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» ያሉት ለዚህ ነው።

ይህ በሀገራችን የታየ ነገር ነው። በድሬዳዋ ደቻቱ የሚባል ወንዝ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 30 ሊነጋ ሲል፣ ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ሰውን በተኛበት ወሰደው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአዲስ አበባም ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ጥሎ፣ በጎርፉ 7 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ስለዚህ መልሱ አጭር ነው። አትሻገሩ። ቁሙ፤ ጠብቁ፤ ወይም ዞራችሁ በድልድይ ሂዱ። ድልድዩንም ውሃ ካለበሰው ተዉት። ከተራራ የሚወርድ ጎርፍ ቶሎ እንደሚመጣ ሁሉ፣ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይጎድላል። ቀጠሮ ቢያልፍ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። ምግብ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል። የሄደ ሰው ግን አይመለስም።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። ለመንገዳችሁ የሚጠቅሙ ነገሮችን እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፣ ከቤት ሳትነሡ። የዘመዳችሁን ስልክ ቁጥር፣ የሠፈሩን ስም፣ የወረዳውንና የቤቱን ቁጥር፣ የቀጠሮውን ቀን በገዛ እጃችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። የሆስፒታል ካርድና ከጤና ጣቢያ የተጻፈውን ወረቀት ከዚህ ጋር አድርጋችሁ በፌስታል ጠቅልሉ። ስልክ ውሃ ገብቶት ቢጠፋ ወረቀቱ ይመራችኋል።

ሁለተኛ፣ ልብስ። የአዲስ አበባ ክረምት ብርድ ነው። ጋቢ ብቻ አይበቃም። ጋቢ ውሃ ከጠጣ ይከብዳል፤ ሕመምተኛውንም ያበርዳል። ሹራብ፣ ጃንጥላና ቦቲ ጫማ ካላችሁ ያዙ።

ሦስተኛ፣ ማረፊያ። ቤት ስትከራዩ ርካሽ ነው ብላችሁ ወንዝ ዳር አትግቡ። ጎረቤቱን «ይህ ቤት ክረምት ላይ ውሃ ይገባዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ግድግዳውንም እዩ። ውሃ የደረሰበት ምልክቱ ይቀራል።

አራተኛ፣ ሰዓት። ከባድ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ጉዳያችሁን በጠዋት ጨርሱ። ዝናብ ሲጥል ከድንጋይ አጥር ሥር አትጠለሉ፤ ውሃ የጠጣ አጥር ይናዳል። የወደቀ የመብራት ሽቦ ካያችሁ አትጠጉ።

አምስተኛ፣ ጎርፍ ቤት ከገባ። ቅድሚያ ለልጆች፣ ለሽማግሌና ለሕመምተኛ ነው። ወደ ከፍታ ውጡ። ለዕቃ ብላችሁ አትመለሱ። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤት ስልክ 939 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ስድስተኛ፣ ከጎርፍ በኋላ። ጎርፍ የሽንት ቤት ቆሻሻ ይዞ ይሄዳል። በ2008 ዓ.ም. አተት የሚባለው አጣዳፊ ተቅማጥ በአዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጎርፍ የነካውን ምግብ ጣሉ።

ገበሬያችንስ ምን ሆነ? ሱሪውን ሰብስቦ አንድ እግሩን ሊያነሣ ሲል፣ ከወዲህ ማዶ የቆሙ አንዲት ባልቴት ጠሩት። «ልጄ፣ አባይን በምን ተሻገርክ?» አሉት።

«በድልድይ ነዋ፣ እማማ።»

«እንግዲያ ይህችንም በድልድይ ተሻገራት» አሉት።

ዞሮ ሄደ። አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ደረሰ። እናቱ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው፣ «ምነው ቆየህ?» አሉት።

«ውሃ ሞልቶ ነው፣ እናቴ።»

«እንኳን ቆየህ» አሉት።

አድማጮቼ፣ ከመለያየታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች ልስጣችሁ። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዝ ለምን ይሞላል? ስንት ሳንቲ ሜትር የሚሮጥ ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል? በፌስታል ጠቅልላችሁ የምትይዙት ወረቀት ላይ ምን ትጽፋላችሁ? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ማንበብ ላልቻለ ጎረቤታችሁም አንብቡለት። ምናልባት የነገው መንገደኛ እሱ ይሆናል።

በሰላም ያገናኘን። ደህና ሁኑ።