«ችግር የለም» መልስ አይደለም
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በዊልቸር፣ በክራንችና በምርኩዝ የምንንቀሳቀስ አባላት ከአስጎብኚ ጋር ወደ ገጠር ደርሶ መልስ ጉብኝት ስንወጣ ስለሚያስፈልገን ነገር ነው። «ለእናንተ የሚቀድመው ሥራና ሕክምና አይደለም ወይ? ሽርሽር ምን ያደርግላችኋል?» የሚሉን አሉ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኛን ግን ይናፍቀናል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ጢያ ትክል ድንጋዮች ተምረው ሲመጡ እኛም አይተን ብናወጋቸው እንወዳለን። ደግሞም ልመና አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 በባህል፣ በመዝናኛና በስፖርት የመሳተፍ መብታችንን ያስቀምጣል፤ የቱሪዝም ቦታዎችንም ለይቶ ይጠቅሳል።

ከሁሉ የሚከብደን የመንገዱ ርዝመት አይደለም። ቦታው ከተደረሰ በኋላ «እናንተ እዚህ አረፍ በሉ፤ ፎቶ አንስተን እናሳያችኋለን» ተብሎ መኪና ውስጥ መቅረት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ በክፋት አይመጣም። ከመነሳታችን በፊት ስንደውል «ችግር የለም» እንባላለን። የሚመልስልን ሰው በእግሩ የሚሄድ ነውና ለእሱ በእርግጥ ችግር የለም። የአገራችን «እዚችው ናት» ምን ያህል እንደምታስኬድ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ጥያቄያችን በቁጥር ይሁን። መኪናው ከሚቆምበት እስከ ቦታው ስንት ሜትር ነው? መሬቱ ሣር ነው፣ ጠጠር ነው ወይስ ኮብልስቶን? ስንት ደረጃ አለ? መደገፊያስ አለው? የበሩ ስፋት ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? 80 ከሆነ አብዛኛው ዊልቸር ያልፋል፤ 60 ከሆነ ግን ብዙዎቻችን ደጅ እንቀራለን። አስጎብኚው የማያውቀው ከሆነ በቦታው ላለው ጥበቃ ደውሎ ያስለካ። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

በቡታጅራ መንገድ ያሉትን ሦስት ቦታዎች እንውሰድ። አስጎብኚዎች በአንድ ቀን ያያይዟቸዋል፤ ለእኛ ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም። ጢያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 36 ሐውልቶች የተቆጠሩበት ሲሆን፣ 32ቱ ሰይፍና ሌላም ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። ሐውልቶቹ የቆሙት ሣር በለበሰ ሜዳ ላይ ስለሆነ በበጋ ረዳት ካለ ዊልቸር ይገፋል። በክረምት ግን የራሰው መሬት የፊት ትናንሽ ጎማዎችን ይይዛል። ያኔ ረዳቱ ወንበሩን ወደ ኋላ ጋደል አድርጎ በትልልቆቹ ጎማዎች ብቻ ይሂድ።

አዳዲ ማርያም ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ከመሬት በታች ስለሆነች ያለ ደረጃ አይገባባትም። ይህን አስቀድማ ያወቀች አባል ከላይ ሆና ማየት ይበቃታል ወይስ አይበቃትም ብላ ራሷ ትወስናለች። በአዋሽ ዳር ያለው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልካ ቁንጥሬ ደግሞ ሙዚየሙ በጎጆ ቅርጽ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ነው። እዚያ የምንጠይቀው የየቤቱን ደፍ ከፍታና የመተላለፊያውን መሬት ነው። ሦስቱንም በጥድፊያ በመስኮት ከማየት፣ ሁለቱን ወርዶ ማየት ይበልጣል።

ወደ መኪናው እንምጣ። የሚኒባስ መወጣጫ ለጉልበት ሕመምተኛ ከፍ ይላል። ሰፋ ያለ፣ እግሩ የማይነቃነቅ ዱካ ከበሩ ሥር ማስቀመጥ ብዙ ያቀላል። ለዊልቸር ጣውላ ሲዘጋጅ ደግሞ መለኪያው ይህ ነው፦ ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነች አንዲት ደረጃ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ጣውላ ያስፈልጋል ማለት ነው። አጭር ጣውላ ቁልቁለት እንጂ መንገድ አይሆንም።

«ተሸክመን እናደርሳችኋለን» የሚሉን ወጣቶች ደግ ልጆች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሆኖም ቀሚስ ለለበሰች እናት በማታውቀው ወንድ ክንድ ላይ መውጣት ቀላል አይደለም። ወንበሩን ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁን። ከየት እንደሚያዝ፣ የትኛው እግር እንደሚያም የምናውቀው እኛ ነን። አንዷ «አይሆንም» ካለችም ኩራት ነው አትበሏት።

አሁን ሴቶች ብቻ የሚያውቁትን ነገር እናንሳ። ከመካከላችን ለጉዞ ስንነሳ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ የማንቀምስ አለን። በመንገድ ያለው መጸዳጃ ቁጢጥ የሚባልበት ጉድጓድ ነው፤ ጉልበቷ የማይታጠፍ ሴት ምን ታድርግ? በፀሐይ ውሎ ውኃ አለመጠጣት ራስ ምታት፣ ለሽንት ቧንቧ በሽታም መጋለጥ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ መቀመጫው መሐል ላይ የተከፈተ ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር፣ መጋረጃ የሚሆን አንሶላ፣ ውኃና ሳሙና፣ በየሁለት ሰዓቱም የታወቀ ማረፊያ። አስጎብኚው የት እንደምንቆም ከመነሳታችን በፊት ይንገረን፤ ሴቶች በወንዶች ፊት ለምነው እንዲያስቆሙት አይጠበቅ።

የመጨረሻው ነገር ረዳት ነው። እስከ ዛሬ የምትገፋን፣ የምትደግፈን ብዙ ጊዜ ሴት ልጃችን ናት፤ እኛ ለመውጣት እሷ ከትምህርቷ ትቀራለች። እናት አገር ታይ ዘንድ ልጅ ትምህርቷን መክፈል የለባትም። ስለዚህ ከደጋፊዎቻችን የምንጠይቀው ትልቅ አውቶቡስ አይደለም። በእያንዳንዱ ጉዞ ለሁለት ሴት ረዳቶች የቀን አበል፣ አንድ የሚታጠፍ ጣውላና አንድ ወንበር ነው። ከአባላት የምንጠይቀው ደግሞ ሜትርና ደብተር ይዘን እንድንሄድ ነው። ደርሰን ያየነውን ሁሉ ለክተን፣ ደረጃውን ቆጥረን፣ መጸዳጃው የት እንዳለ ጽፈን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እናስቀምጥ። ከእኛ በኋላ የምትሄደዋ እኅት ስትደውል «ችግር የለም» ሳይሆን «አራት ደረጃ፣ በስተቀኝ መደገፊያ አለው» የሚላት ሰው ታግኝ።