የፋብሪካው ጉድጓድና የጎረቤቱ ጉድጓድ



በውጭ አገር ኖሮ በአገሩ ፋብሪካ ለማቋቋም የተነሣ ወገን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መሬት፣ ስለ መብራትና ስለ ብድር ነው። ውኃ ግን የቁፋሮ ድርጅት ተቀጥሮ የሚጨረስ ጉዳይ መስሎ ይታያል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በርካታ የመጠጥ፣ የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ፋብሪካዎች ከግቢያቸው በተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ መጠቀማቸው ይህን አመለካከት ሳያጠናክረው አልቀረም። ሆኖም የታጠረው ጉድጓዱ እንጂ ውኃው አይደለም።

አቃቂ ለዚህ ማሳያ ነው። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ጋር መዲናዋን የሚያጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ መስክ የሚገኘው ለረጅም ዘመን የፋብሪካ ሠፈር ሆኖ በቆየው በዚህ አቅጣጫ ነው። መሬቱ የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ የተሰነጣጠቀው ባዛልትና ቀዳዳ የበዛበት ስኮሪያ ውኃን በብዛት ይይዛል፣ በፍጥነትም ያስተላልፋል። ጉድጓዶቹን ባለጸጋ ያደረገው ይኸው ጠባይ ለብክለትም አጋልጧቸዋል። ከላይ ደግሞ ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማዋንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ።

ፓምፕ ሲሠራ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው የውኃ ከፍታ እንደ ተገለበጠ ሾጣጣ ይጎደጉዳል። ፋብሪካው ሌሊትና ቀን በሳበ ቁጥር ሾጣጣው ይሰፋል፤ የጎረቤቱ የእጅ ጉድጓድ ሊደርቅ ይችላል፤ ርቆ የነበረ ብክለትም ወደ ፋብሪካው አቅጣጫውን ይለውጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ተትቶ የተረሳ አሮጌ ጉድጓድ ነው። በቧንቧውና በአለቱ መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ካልተደፈነ፣ አፉም ክፍት ከሆነ፣ የገጽ ፍሳሽ አፈሩ ሳያጣራው በቀጥታ ወደ ጥልቁ ውኃ ይወርዳል። አዲስ ጉድጓድ በድምቀት ሲመረቅ አሮጌውን ማን እንደደፈነው የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ፣ በ1981 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ፋብሪካ ከመሬት በታች የቀበረው የኬሚካል ማጠራቀሚያ ማፍሰሱ ታወቀ። ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ የነበረው የሕዝብ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ተበክሎ ተዘጋ። ፋብሪካው ጭስ የማያወጣ፣ «ንጹሕ» የሚባል ኢንዱስትሪ ነበር። ነዋሪዎች ጮኸው ግዛቲቱ በ1983 አዳዲስ የምድር ውስጥ ማጠራቀሚያዎች ድርብ መከላከያ እንዲኖራቸው በሕግ ደነገገች። ሕጉ ግን የመጣው ከጉዳቱ በኋላ ነው። የሳንታ ክላራ አውራጃ በፌዴራል መንግሥቱ የከፋ ብክለት መዝገብ 23 ቦታዎች የተመዘገቡባት ሆና ቀረች።

በኢትዮጵያ የሕግ እጥረት አለ ማለት ያስቸግራል። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ አጠቃቀም ፈቃድን ይጠይቃል፤ ለቤት ውስጥ ፍጆታም ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ ይሰጣል። ይኸው አዋጅ የእጅ ጉድጓድን ከፈቃድ ነጻ ማድረጉ ለድኻው የታሰበ ደግነት ነው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ገጽታ አለው። ፈቃድ የማያስፈልገው ጉድጓድ በፈቃድ መዝገብ ላይ አይገኝም። ስለዚህ የፋብሪካ ጥያቄ ሲመረመር በመዝገቡ ብቻ የሚመራ ባለሙያ ጎረቤቱን አያየውም። ቅድሚያ የተሰጠው ተጠቃሚ በወረቀት ላይ የለም።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት በሾጣጣው ሊደረስባቸው የሚችሉ የእጅ ጉድጓዶች በእግር ተኪዶ ይቆጠሩ፤ የውኃ ከፍታቸውም ይለካ። በየጉድጓዱ ላይ ቆጣሪ ይኑር፤ ንባቡ ለቀበሌው ይገለጽ። የነዳጅና የኬሚካል መጋዘን ከጉድጓዱ ይራቅ። ጀርመን ውኃ ወደ ጉድጓዱ ለመድረስ 50 ቀን የሚፈጅበትን ርቀት መሠረት አድርጋ ጥብቅ የጥበቃ ክልል ታሰምራለች፤ እንደ አቃቂ ባለ ስንጥቅ አለት ግን ይህ ርቀት ሰፊ ሊሆን ስለሚችል ስሌቱ በቦታው ይሠራ።

በውጭ ያለው ወገን በሁለት መንገድ ያግዛል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ስለ ብክለት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ስለዚህ የውኃ ምርመራ ወጪና የጠበቃ ድጋፍ ለመንደሩ ነዋሪ ትልቅ ነገር ነው። ባለሀብት የሆነው ደግሞ ከቁፋሮው ውል ጀምሮ ይጠንቀቅ። የውኃ ከፍታ የሚለካበት ቀጭን ቱቦ ከፓምፑ ጋር አብሮ ቢወርድ ወጪው ጥቂት ነው፤ በኋላ ለማስገባት ግን ፓምፑን መልሶ ማውጣት ይጠይቃል።