ነቀርሳ ሁሉ አንድ አይደለም



ዛሬ ስለ አንድ ቃል እንወያያለን። ቃሉ «ነቀርሳ» ነው። አራት ፊደል ብቻ ነው፤ ሁላችንም እናነበዋለን። ነገር ግን በዚህ አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን እንጠራበታለን።

አንደኛው የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ነው። ቲቢን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጀርም ነው፤ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ሁለተኛው ካንሰር ነው። ካንሰር የሚመጣው የገዛ ሰውነታችን ሕዋሳት ያለ ልክ ሲባዙ ነው። አብሮ በመብላትም ሆነ በትንፋሽ አይተላለፍም። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነው።

በአንገታችን፣ በብብታችንና በብሽሽታችን ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። የሰውነታችን ዘበኞች ናቸው። እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ ንፍፊት የሚወጣው ዘበኞቹ ከጀርም ጋር ሲታገሉ ነው። ቁስሉ ሲድን ንፍፊቱም ይጠፋል። የማይጠፋ ንፍፊት ግን ቲቢ ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ዘበኞች ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሞች ሊምፎማ ይሉታል። ሁለቱም ያከሳሉ፤ ሁለቱም ያተኩሳሉ፤ ሁለቱም ሌሊት በላብ ያጠምቃሉ። በእጅ ዳስሶ መለየት ያስቸግራል።

ሊምፎማ ብዙ ጊዜ በንፍፊት ይጀምራል። በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ግን ከውጭ እብጠት ሳያሳይ ልብ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ሰውየው ዳገት መውጣት ያቅተዋል። ተጋድሞ መተንፈስ ይሳነዋል። እግሩ ያብጣል። የልቡ ምት ይዛባል፤ ራሱን ስቶ ሊወድቅም ይችላል። ልብን የሸፈነው ስስ ከረጢት ውሃ ቋጥሮ ልብን ያፍናል። ጎረቤትም «ቡዳ ነው፣ መጋኛ ነው» ይላል።

በአገራችን በልብ ዙሪያ ውሃ ከሚያስቋጥሩት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ቲቢ ነው። ስለዚህ ሐኪም ቲቢን ቢጠረጥር ትክክል ነው። በሽታው ሊምፎማ ከሆነ ግን የቲቢ መድኃኒት አያድነውም። አንዳንዴ ከቲቢ መድኃኒት ጋር የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ሊምፎማውን ለጥቂት ጊዜ ሊያኮማትረው ይችላል። በሽተኛው የዳነ ይመስለዋል። ኋላ ግን ያገረሽበታል፤ በከንቱ ያለፈው ወርም አይመለስም።

ታዲያ በምን ይለያል? በናሙና ነው። ከንፍፊቱ ወይም በልብ ዙሪያ ከተቋጠረው ውሃ ጥቂት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። አንዳንዶቻችን መርፌውን እንፈራለን። የባሰ የሚያስፈራው ግን ያልታወቀ በሽታ ነው።

የማይክሮስኮፕን ጥቅም ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻንም። እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ አለርት ሆስፒታል አለ። በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓላማው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነበር። ሥጋ ደዌ ያን ጊዜ እርግማን ነው እየተባለ በሽተኛው ከዘመድ ይገለል ነበር። ነገር ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 አርማወር ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ የበሽታውን ጀርም አግኝቷል። በአለርት ግቢ ያለው የምርምር ተቋም በስሙ ይጠራል። ዛሬ ሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል። የማይጠፋ ንፍፊትም መንገዱ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ማከም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ንፍፊት 3 ወይም 4 ሳምንት ቆይቶ ካልጠፋ ጤና ጣቢያ እንሂድ። አናስተኩሰው፤ አናስበጣው።

ትንፋሽ ሲያጥር፣ እግር ሲያብጥ ነገ ዛሬ አንበል።

የቲቢ መድኃኒት እየወሰድን ካልተሻለን በገዛ እጃችን አናቋርጥ። ተመልሰን «ናሙና ተመርምሯል ወይ?» ብለን ሐኪሙን እንጠይቅ። የምርመራውን ወረቀትም አንጣል።

ሊምፎማ መድኃኒት አለው። ልብ ላይ የወጣውም ቢሆን ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ሊኮማተር ይችላል። ሕክምናው እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ሆስፒታሎች ይሰጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ቲቢና ካንሰር በምን ይለያያሉ?
2. በሰፈራችን ንፍፊት ሲወጣ ምን ይደረጋል? ትክክል ነው ወይ?