የሰፈር ሰላምና የጎረቤት ሐቅ
(በመስጊዱ ግቢ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም።



ነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ስለ መካ ዱዓ ሲያደርጉ አስቀድመው የለመኑት አገሩ ሰላም እንዲሆን ነው፤ ፍሬውንና ሲሳዩን የጠየቁት ከዚያ ቀጥሎ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። እዚህ ደባርቅና ዳባት ገብሱም ባቄላውም ይበቅላል፤ የሳንቃ በር አካባቢ ገበሬም በጉን ነድቶ ገበያ ይወርዳል። ነገር ግን የሸጠበትን ገንዘብ ይዞ ቤቱ በደህና ካልገባ ማምረቱ ምን ይፈይድለታል?

የመጣብንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ የተፈናቀለውን ሕዝብ ወደ ከተማችን ገፍቶ አመጣው። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ዳባት አካባቢ ባለችው ጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ ገና ሳናገግም፣ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጠመንጃ ይበዛል፣ ሕግ አስከባሪው ይሳሳል፣ በዚህ መሃል ሌባውም ሽፍታውም መንገድ ያገኛል። ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ የጎንደርን አካባቢ ያስጨነቀውም በእነዚህ ዓመታት ነው። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጎንደር ከተማ አንዲት ሕፃን ታግታ በመገደሏ ሕዝቡ በቁጣ አደባባይ መውጣቱን ታስታውሳላችሁ።

አንዳንድ ሰው «ወንጀል ጨምሯል ወይስ ቀንሷል?» ብሎ ይጠይቃል። የፖሊስ መዝገብ የሚያሳየው አቤት ያለውን ሰው ብቻ ነው። ልጁ የታገተበት አባት በሬውን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ በድብቅ ከፍሎ ዝም ይላል። ቢናገር የሚደርስበትን ስለሚፈራ አልፈርድበትም። ነገር ግን እሱ ዝም ባለ ቁጥር አጋቹ ሁለተኛውን ቤት ያንኳኳል፣ በመዝገቡ ላይ ግን አገሩ ሰላም ይመስላል። ስለዚህ ከመዝገቡ ይልቅ ሌላ መለኪያ እመርጣለሁ፦ ሽማግሌዎች ለሱብሒ ሶላት ብቻቸውን ይወጣሉ ወይ? እናቶች ከተራዊሕ ሲመለሱ ይሮጣሉ ወይስ ይራመዳሉ? የደባርቅ ብርድ ሰውን በጊዜ ቤቱ ያስገባል፣ እሱ የቆየ ነው። ፍርሃት ሲያስገባው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልምጣ። አንድ ቤት በተሰበረ ማግሥት «ያ መጤ ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል። መጤ የሚባለው ማን ነው? አንዱ በጦርነት የተፈናቀለው ነው። ሌላው ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ደባርቅ ዳር የሰፈረው ነው። ከ400 በላይ አባወራዎች ናቸው፤ ሙስሊሞች፣ ወንድሞቻችን ናቸው። በግና ገብስ የለመደ ሰው የካሳ ገንዘብ ተቀብሎ ከተማ ሲገባ ገንዘቡ ያልቃል፣ ልጁም ሥራ ፈትቶ ይውላል። ሦስተኛው ዳባት አጠገብ ዓለም ዋጭ መጠለያ የገባው ኤርትራዊ ስደተኛ ነው። ስደተኞቹ ራሳቸው ሲዘረፉና ሲታገቱ ነው የከረሙት። በሌብነት የምንጠረጥረው ከእኛ ይበልጥ የተዘረፈውን ከሆነ ሌባው በእኛ ይስቃል።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በረሃቡ ዓመት፣ በዓሙ ረማዳ፣ የሌባን እጅ መቁረጥ ማቆማቸው የታወቀ ነው። ኢማም ማሊክ በሙወጦእ ካስተላለፉት ታሪክ አንዱ ደግሞ የሓጢብ ባሮች ግመል ሰርቀው አርደው እንደተያዙ ይነግረናል። ዑመር ነገሩን ሲመረምሩ ጌታቸው እንደሚያስርባቸው ተረዱ። ቅጣቱንም ወደ ጌታው አዞሩት፤ የግመሏ ዋጋ 400 ዲርሃም ነበርና 800 እንዲከፍል ፈረዱ። ይህ ሌብነትን ማቅለል አይደለም። ዳኛው ከሌባው ጀርባ ያለውን ሰውም አይቷል ማለት ነው። የእኛ የዘካና የሰደቃ ገንዘብ ከደጃችን ካለው ሥራ ፈት ወጣት ዘንድ ካልደረሰ፣ ከሓጢብ በምን እንለያለን?

ሌላው ከጀርባ ያለው ሰው ገዢው ነው። ግማሽ ዋጋ የተጠራለትን ስልክ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ በግ ወይም በቅሎ «እኔ አልሰረቅሁም» ብሎ የሚገዛ ሰው አለ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛውንም የደበቀውንም ይቀጣል። በሸሪዓም የሰው ሐቅ በርካሽ ስለተገዛ ሐላል አይሆንም። ገዢ ባይኖር ኖሮ ከዚህ መስጊድ በር ላይ እንኳ ጫማ አይጠፋም ነበር። (ያገለገለ ጫማ ለማን እንደሚሸጥ አሁንም ይገርመኛል።)

አባቶቻችን ለዚህ ሁሉ አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። ከብት ሲጠፋ ወይም ሰው ሲገደል የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፣ ይምላል፣ የሚያውቅ ሰው በስውር «ወፍ» በኩል ይጠቁማል። ጥፋተኛው ካልተገኘ አገሬው አዋጥቶ ይክሳል። የዚህ ሥርዓት ጥንካሬ የጎረቤት ጥፋት የሁሉም ዕዳ መሆኑ ነው፤ ማንም «አያገባኝም» ሊል አይችልም። ድክመቱ ደግሞ ያው ስውሩ ጠቋሚ ነው፤ ቂም ያለው ሰው ጠላቱን በወፍ ስም ሊያስበላ ይችላል። ስለዚህ ኅብረቱን እንውሰድ፣ በስውር መጠቆሙን ግን እንተው። ሱረቱል ሑጁራት የመጣን ወሬ እንድናጣራ ያዘናል፣ ጥርጣሬንና መሰለልንም ይከለክለናል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር በቀብር ላይ የተነሣ ጠብ በአንድ ቀን ስንት ሙስሊም ወገናችንን እንዳስገደለና መስጊድ እንዳስቃጠለ ያየ ሰው፣ ያልተጣራ ወሬ ይዞ ለመሮጥ አይቸኩልም። ሌባ የተባለን ሰው በድንጋይ መቀጥቀጥም እንዲሁ ነው፤ ከሞተ በኋላ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ማን ይመልሰዋል?

በእጃችን ያለውን ልናገርና ልጨርስ። የተያዘን ሰው ከአንድ በላይ ምስክር ባለበት ለፖሊስ ማስረከብ። የሰፈር ጥበቃውን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችንና ከዕድራቸው ጋር በአንድ ተራ መግባት፤ ሌባ ሃይማኖት አይለይም፣ ሮንዱም መለየት የለበትም። ወጣቶቻችን መሣሪያ ይዘው እንዳይወጡ፣ በጨለማ የተተኮሰ ጥይት የሚያገኘው ማንን እንደሆነ አይታወቅምና፤ ባትሪና ፊሽካ ይበቃል። ለሱብሒ ከየመንደሩ ተጠራርቶ በቡድን መምጣት። ልጅ የታገተበት ቤት ቢኖር ብቻውን እንዳይወስን፣ ሁለት ታማኝ ሽማግሌዎች አብረውት ይቀመጡ። በመስጊዱ በርና በታችኛው መታጠፊያ ላይ መብራት ለማስገባት የተጀመረው መዋጮ ገና አልሞላም፤ ያልከፈላችሁ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለገንዘብ ያዡ አስረክቡ፣ ስማችሁንም አስመዝግቡ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።