አራተኛው ሯጭ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በቅርቡ ለሚደረገው የተማሪዎች የሩጫ ውድድር ሦስት ሯጮችና አንድ ተጠባባቂ መርጠን ማቅረብ አለብን። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከመኝታ ክፍል እስከ ምግብ አዳራሽ የምንሰማው ክርክር እንደሚያስረዳው፣ ገና አንድ እርምጃ ሳይሮጥ በሦስት ወገን ተከፍለናል። አንዱ ወገን «ስም ያላቸው ይሂዱ» ይላል። ሁለተኛው «ከደሴ አንድ፣ ከኮምቦልቻ አንድ፣ ከገጠር ወረዳዎች አንድ ይውጣ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከቢስቲማ የመጣውን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይዞ «ሰዓት ባይኖረውም እግር አለው» ብሎ ይሟገታል። እኛ ዛሬ የቆምነው የማንንም ስም ለማንሣት ወይም ለመጣል ሳይሆን ስለ አመራረጡ ለመነጋገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስም እንናገር። በ1952 ዓ.ም. ወደ ሮም ኦሊምፒክ የሄደውን የክብር ዘበኛ ወታደር አበበ ቢቂላን በውጭ አገር የሚያውቀው እምብዛም አልነበረም። ጳጉሜን 5 ቀን፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ስሙ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። መራጮቹ ስም ቢጠብቁ ኖሮ አበበ ከአዲስ አበባ ባልወጣም ነበር።

ይሁን እንጂ ትልቅ ስም ያለውም ሰው ቢሆን ሥጋ ለባሽ ነው። አበበ በ1957 ዓ.ም. ከቶኪዮ ውድድር በፊት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። መራጮቹ አመኑት፤ እርሱም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጦ ሁለተኛ ወርቁን አመጣ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮም እንዲሁ አመኑት፤ ጥቅምት 10 ቀን ግን እግሩን አሞት ገና 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሮጠ አቋረጠ። በዚያ ቀን አገራችንን ማን አዳናት? ከአንድ ሳምንት በፊት በ10,000 ሜትር ብር ያገኘው ማሞ ወልዴ ወርቁን ወሰደ፤ መራዊ ገብሩም ስድስተኛ ሆነ። ያው ሰው፣ ያው እምነት፣ ውጤቱ ግን ሁለት ዓይነት። መራጭ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ የውድድሩን ቀን አያውቅም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አንደኛው ማን ነው የሚለው ብቻ አይደለም፤ አንደኛው ቢወድቅ የሚቆመው ማን ነው የሚለውም ነው።

ለዚህ የፓሪሱ ኦሊምፒክ የቅርብ ምስክር ነው። በ2016 ዓ.ም. ለወንዶች ማራቶን የተመረጡት ሲሳይ ለማ፣ ዴሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ። አንድ አገር ከሦስት በላይ ማሰለፍ ስለማይችል፣ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ቀረ። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ሲሳይ በጉዳት ምክንያት ቦታውን ለቀቀና ታምራት ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን በዚያ አቀበት በበዛበት መንገድ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ። በወንዶች ማራቶን ወርቅ ካገኘን፣ ገዛኸኝ አበራ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ካሸነፈ ጀምሮ፣ 24 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ማራቶን በሁለት ሳምንት ልምምድ አይሮጥም። አራተኛው ሰው እንደሚሮጥ ሆኖ ስለተሰናዳ ነው ያሸነፈው። ደግሞም የታመመው ሰው «አልችልም» ብሎ ቦታውን በጊዜ ባይለቅ ኖሮ ያ ዝግጅት ሁሉ ከንቱ ይቀር ነበር።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። ታች በሜዳው የተያዘ ሰዓትና ላይ በብርዱ የተያዘ ሰዓት እንዴት ይነጻጸራሉ? የቢስቲማ ልጅስ በወረባቦ አቀበት ሲሮጥ ሰዓት ማን ያዘለት? ሰዓት የለውም ማለት አይሮጥም ማለት አይደለም፤ የለካው ሰው የለም ማለት ነው። ቦታውን በወንዝ ልጅነት ብናካፍለውም ለእርሱ አልፈረድንለትም፤ ቢያሸንፍ እንኳ «በኮታ ገባ» እየተባለ ይኖራል።

ስለዚህ አራት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የምርጫው ደንብ ከማጣሪያው በፊት ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከማጣሪያው በኋላ የሚወጣ ደንብ ደንብ ሳይሆን ሰበብ ነውና። ሁለተኛ፣ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት ያዥ ፊት ይሩጡ፤ መንገዱም ውድድሩ የሚደረግበትን ዓይነት ይሁን። ሦስተኛ፣ ተጠባባቂው ከሦስቱ ጋር እኩል ይለማመድ፤ ጫማውም፣ ምግቡም፣ የጉዞ ወጪውም እኩል ይሁን። አራተኛ፣ የተጎዳ ሯጭ ሕመሙን ሲናገር የሚሳለቅበት እንዳይኖር፤ ቦታውን ቢለቅም የቡድኑ አባል ሆኖ አብሮ ይጓዝ።

ገንዘቡ ለሦስት ሰው ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ በእርግጥ ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዳችን ከሻይ ጥቂት ብንቀንስ ይሞላል። ሦስቱን ላክንና ከመካከላቸው አንዱ በዋዜማው እግሩ ቢጠመዘዝ፣ ጫማ የሌለውን አራተኛ ጠርተን «በል ሩጥልን» ልንለው ነውን?

የማጣሪያው ቀን ገና አልተቆረጠም። ደንቡን ለመጻፍ ጊዜ አለን፤ መምህራኖቻችንም ሰዓት በመያዝ እንዲረዱን በትሕትና እንለምናለን።